ስለ ሰርግ መንገደኛና ስለ አደራው

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለትምህርት፥ አንዱ ለንግድ፥ አንዱም ለሕክምና ይሄዳል። ወዳጁ ሲዳር አብሮት ለመቆም ባሕር የሚሻገር ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ለራሱ የሚያተርፈው ነገር የለምና። የሚሄደው ስለ ወዳጅነት ብቻ ነው። ስለዚህ አካሄዱ ያማረ እንደ ሆነ ወዳጅነቱ ይከብራል፤ አካሄዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠራው ወዳጅ ላይም ይወድቃል።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። በአይሮፕላን ለሚሄድ ሰው ሰማዩ ቀርቦለታል፤ አደራው ግን እንደ ጥንቱ ጥብቅ ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህን ነው፤ ለሰርግ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ አንሥቶ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ የብዙ ሰዎችን አደራ ተሸክሞ ይሄዳል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እንናገር። በአዲስ አበባ የሚያስተምር አንድ መምህር ነበረ እንበል። በተማሪ ቤት ሳለ በአንድ ወንበር ተቀምጦ አንድ መጽሐፍ አብሮት ያነበበ ወዳጅ ነበረው። ይህ ወዳጅ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጠ፤ በዚያ ብዙ የአገራችን ሰዎች ይኖራሉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሚስት ሊያገባ ቀን በቈረጠ ጊዜ «አንተ ሚዜዬ ካልሆንህ ሰርጌ ሰርግ አይባልም» ብሎ ጻፈለት፤ የመንገዱንም ገንዘብ እኩሌታ ሰደደለት። መምህሩም የቀረውን ከደመወዙ ካጠራቀመው ላይ ጨምሮ ለመሄድ ቈረጠ።

1ኛ፤ ከመነሣት በፊት

የተጠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብሎ ቍርጡን መናገር ይገባዋል። በአገራችን ሰርግ ለአንድ የተሰናዳ ማዕድ ለሦስት ይበቃል፤ ያልተጠራም ቢመጣ «ግባ» ይባላል። በአሜሪካ ግን አዳራሽ ሲከራዩ የምግቡ ዋጋ ብዙ ጊዜ በሰው ቍጥር ይቈጠራል፤ ወንበሩም በስም ይደለደላል። ስለዚህ መልስ ሳይሰጥ የሚቈይ፥ ወይም ያልተጠራ ዘመድ አስከትሎ የሚመጣ ሰው ሙሽሮቹን ባላሰቡት ወጪ ያስጨንቃቸዋል። ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን የአገር ልማድ አሳስቶት ቢሆንም፥ ጭንቀቱ ያው ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀንና ሰዓትን ማስተዋል ነው። የእኛ ዘመን አቈጣጠር ከአውሮፓ አቈጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፤ የወሮቹም መባቻ አንድ አይደለም። ከዚህም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የሰዓቱ አቈጣጠር ነው። በትኬት ላይ 22:30 ተብሎ የተጻፈው እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው። ቅዳሜ 00:30 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ እኛ ዐርብ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይለወጣልና። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት እንደ ቀረው ያገኛል። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው ለደጋሹ ብቻ አይደለም፤ ለመንገደኛውም ነው።

ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ወዳጅን ለማክበር ከአቅም በላይ ተበድሮ ልብስና ስጦታ መግዛት ወዳጅን አያከብረውም። ሙሽራው ዕዳውን ያወቀ እንደ ሆነ ደስታው በኀዘን ይለወጣል። መምህሩ አዲስ ልብስ አልገዛም፤ ያለውን አሳጥቦ አስተኰሰ፤ ለስጦታም ሁለቱ ወዳጆች በተማሪ ቤት ሳሉ አብረው የተነሡትን ሥዕል በመስተዋት አስደርጎ ያዘ።

2ኛ፤ ስለ ተላከ ዕቃ

ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት ወይዘሮ በጨርቅ የተሰፋ ጥቅል ይዘው መጡና «ልጄ፥ እዚያ ላለችው ልጄ የሚሆን በርበሬና ሽሮ ነውና አድርስልኝ» አሉት። መምህሩም «እማማ፥ በደስታ አደርስልዎታለሁ፤ ነገር ግን ፈትተን አብረን እንየው» አላቸው። የወይዘሮዋ ፊት ተለወጠ። «ዐሥራ አምስት ዓመት ጎረቤትህ ሆኜ ዛሬ ወንጀለኛ አደረግኸኝን?» አሉት።

እርሱም «እማማ፥ እርስዎን አምናለሁ። ነገር ግን በአይሮፕላን ማረፊያው ‹ሻንጣህን ያሰናዳኸው አንተ ራስህ ነህን? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለን?› ብለው ይጠይቁኛል። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ እንዴት እናገራለሁ?» ብሎ መለሰላቸው። ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ መቀስ አምጣ ብለው ስፌቱን በእጃቸው ፈቱት። በውስጡ እንደ ተናገሩት በርበሬና ሽሮ አንድ ነጠላም ነበረ፤ በበርበሬው መካከል ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ቋንጣ ተገኘ። «ከልጅነቷ ጀምራ የምትወደው ነው» አሉ፤ ዐይናቸውም እንባ ሞላ።

አንባቢ ሆይ፥ አስተውል። በዚህ ነገር ክፉ ሰው የለበትም፤ ቋንጣውን በዚያ ያስገባው የእናት ፍቅር ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት የከብት በሽታ እንዳይገባበት ሲል እንዲህ ያለውን ሥጋ ከአገራችን ይዞ መግባትን ይከለክላል። ሊገባ የሚችለውንም ምግብ ቢሆን «ምግብ ይዣለሁ» ብሎ ለጉምሩክ ሹም መናገር ግዴታ ነው፤ የሸሸገ ሰው መቀጫ ይከፍላል። እንግዲህ የእናት ፍቅር እንኳ ሳያውቅ መንገደኛን በወንጀል ላይ የሚጥለው ከሆነ፥ ልቡን የማናውቀው ሰው የሰፋው ጥቅልማ ምን ሊይዝ ይችላል? በሻንጣህ ውስጥ የተገኘ ክፉ ዕፅ ቢኖር «የእኔ አይደለም» ማለት በብዙ አገር ፍርድ ቤት በቀላሉ የሚታመን መልስ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ያላየኸውን አትሸከም፤ ስታይም በትሕትና እይ። ወይዘሮዋ ቋንጣውን መልሰው ያዙት፤ በርበሬው፥ ሽሮውና ነጠላው ግን ሄደ።

ማርና ንጥር ቅቤም የሚይዝ ሰው ይወቅ። በ1998 ዓ.ም. በለንደን ፈሳሽ ነገርን ፈንጂ አድርገው አይሮፕላን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች ከተያዙ ወዲህ፥ በብዙ አይሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ ያለ ፈሳሽና ቅባት በእጅ ተይዞ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን። የስልክ መሙያ ባትሪ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በእጅ ይያዛል እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይከተትም።

3ኛ፤ በአይሮፕላን ውስጥ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው ወደ ካይሮ ነበረ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን 11500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሰው በአንድ ቀን ይሄደዋል። ሲሄድ አይሮፕላኑ ብዙ ጊዜ በመካከል አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ምክንያቱም የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም ኃይላቸው ስለሚቀንስ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት አይመችም። ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳያርፍ ይመጣል።

አይሮፕላኑ ከ10000 እስከ 12000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲበርር በውጭ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ያህል ነው። በውስጥ ያለው አየር ግን ታምቆ ከ2400 ሜትር ከፍታ እንደማይበልጥ ሆኖ ይጠበቃል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ አይለይም። ነገር ግን አየሩ እጅግ ደረቅ ነውና ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ይገባል። ብዙ ሰዓት ያለ መነሣት የተቀመጠ ሰው በእግሩ ሥር ደም ሊረጋበት ስለሚችል፥ አልፎ አልፎ ተነሥቶ መመላለስ፥ ተቀምጦም ቍርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ ይጠቅመዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም በቅርብ ጊዜ የተቀደደች ሴት፥ እንዲሁም ከቅርብ ሕመም የተነሣ ሰው፥ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። የመጠጥ ብዛት ግን እንቅልፍን ያውካል፤ ሰውንም በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ያዋርዳል።

በዚያ ጠባብ ስፍራ ሰው ጎረቤቱን አይመርጥም። ወንበርህን ወደ ኋላ ከማጋደልህ በፊት ከኋላህ ያለው ሰው እየበላ እንዳይሆን ዘወር ብለህ ተመልከት። የሚያለቅስ ሕፃን ቢኖር እናቲቱን በክፉ ዐይን አትያት፤ ከአንተ ይልቅ የተጨነቀች እርስዋ ናትና።

መምህሩ ሌሊቱን ሙሉ ሊተኛ አስቦ ነበረ። በአጠገቡ ግን አንዲት አሮጊት እናት ተቀመጡ፤ ልጃቸው የወለደችውን ሊያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ነበሩ፤ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አያውቁም። መታጠቂያውን እንዴት እንደሚያስሩ፥ ውኃ እንዴት እንደሚጠይቁ፥ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት እንደሆነ አያውቁም፤ ሲያፍሩም ዝም ይላሉ። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ እንቅልፉን ትቶ እንደ ልጅ አገለገላቸው። አይሮፕላኑ ዝቅ ሲል ጆሮአቸውን በያዛቸው ጊዜ «እማማ፥ ምራቅዎን ይዋጡ» ብሎ አስተማራቸው። ከወረዱም በኋላ ሹሙ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ በሰልፉ አልተለያቸውም። እርሳቸውም የሚሄድበትን ጠይቀው በሰሙ ጊዜ «ለአንተም ሰርግ ሰው አይጥፋብህ» ብለው መረቁት።

አስተናጋጆቹ ስለ አደጋ የሚያስረዱትን መናቅ ደግሞ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በጃፓን በቶኪዮ ሐኔዳ ማረፊያ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አይሮፕላን ከሌላ አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አይሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ አይሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም በሕይወት ወጡ፤ የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ ሰምተው ሻንጣቸውን ትተው ወጥተዋልና። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሻንጣውን ለማውረድ የሚቆም ሰው መንገዱን የሚዘጋው ከኋላው ባሉት ነፍሳት ላይ ነው። የምታውቀው ወዳጅህ በሰርግ አዳራሽ ይጠብቅሃል፤ ከኋላህ ያለውንም የማታውቀውን ሰው የሚጠብቀው ወዳጅ አለው።

4ኛ፤ በሰርጉ ቤት

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደ ወራቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ሰውነት ይህን ለመልመድ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሰርጉ ዋዜማ ማታ የሚደርስ ሚዜ በሰርጉ ማዕድ ላይ ያንቀላፋል። መምህሩ ከሰርጉ ሦስት ቀን አስቀድሞ ደረሰ፤ በቀን ብርሃን እየወጣ እየተመላለሰ እንቅልፉን እስከ ማታ አቈየ።

አስቀድሞ መድረሱም ለሌላ ነገር ጠቀመ። በሜሪላንድ የሚጋቡ ሰዎች ሰርጉ በሚሆንበት አውራጃ ካለው ፍርድ ቤት የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው፤ ፈቃዱም በወጣበት ቀን ወዲያው አይሠራም። ሙሽራው በብዙ ጉዳይ ተጨንቆ ይህን እስከ መጨረሻው ሳምንት አቈይቶት ነበረና፥ መምህሩ ባስታወሰው ጊዜ በዚያው ቀን አብረው ሄደው አወጡ። ሚዜ ማለት ጥሩ ልብስ ለብሶ በሥዕል ላይ የሚቆም ብቻ አይደለም፤ ሙሽራው የዘነጋውን የሚያስብ ነው።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ ደግሞ በሦስት ነገር ይጠንቀቅ። በመጀመሪያ፥ ሰርጉን ከአገር ቤት ሰርግ ጋር እያስተያየ አይንቀፍ። ሁለተኛ፥ በሰርጉ ሰሞን የራሱን ችግር በሙሽሮቹ ፊት አይዘርዝር፤ ለዚያ ሌላ ጊዜ አለ። ሦስተኛ፥ በቤታቸው ያየውን ገመና ለአገር ወሬ አድርጎ አይመለስ።

5ኛ፤ ስለ መመለስ

ከሁሉ የሚከብደው አደራ ይህ ነው። በመልሱ ቀን፥ ሰው ሁሉ በልቶ ሲጫወት፥ የሙሽራው አንድ ዘመድ መምህሩን ወደ ጎን ወሰደውና «ምን ይዘህ ትመለሳለህ? ቅር፤ ሥራ እናገኝልሃለን። በደመወዝህ ስንት ዓመት ትኖራለህ?» አለው። ይህ ቃል ሰውየው በክፋት የተናገረው አልነበረም። መምህሩም ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ያውቃል። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በነጋው ለወዳጁ ነገረው። ወዳጁም «እኔ ሂድም ቅርም አልልህም፤ ወንድሜ ነህ» አለው። ነገር ግን ፊቱ ጥቂት ጠቈረ። መምህሩም በዚያ ጊዜ አስታወሰ፤ በሰርጉ ልትገኝ ያልቻለችው የሙሽራው እናት በሚመጣው ወር በአዲስ አበባ ለቪዛ ትቀርባለች፤ ልጅዋም ለእርስዋ እንደ ጻፈው ሁሉ ለመምህሩም «ለሰርጌ መጥቶ ይመለሳል» ብሎ በስሙ ጽፎ ነበር። ደግሞም ሹሙ «መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ ሲጠይቀው እርሱ ራሱ «ትምህርት ሲከፈት» ብሎ በአንደበቱ መልሷል። እንዲያ ያለበትን ቀን የሚጠብቁ ተማሪዎች አሉት።

የሕጉንም ነገር ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ የእንግዳ የመቆያ ጊዜ በቪዛው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን አይደለም፤ ሲገባ ሹሙ የሚቈርጥለት ቀን ነው። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ተቀጥሮ ሊሠራ አይፈቀድለትም። ከተቈረጠለት ጊዜ አሳልፎ ከ180 ቀን በላይ ቈይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፥ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቈይቶ የወጣ ደግሞ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክለዋል። ስለ ሕይወቱ ፈርቶ የሚሸሽ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ለእርሱ በሕግ ፊት የሚቀርብበት በር አለ፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። እኛ የምንናገረው «ለሰርግ ሄጄ እመለሳለሁ» ብሎ ቃል ስለ ሰጠ፥ ለመመለስም ስለሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የቀረ እንደ ሆነ ትርፉን ለብቻው ይወስዳል፤ የታመነውን ቃል ዕዳ ግን ለወዳጁ ይተዋል።

መምህሩ በቀኑ ተመለሰ። የሙሽራው እናት ቪዛ ታገኝ እንደ ሆነ ገና አልታወቀም፤ ደመወዙም አልጨመረለትም። ነገር ግን በተመለሰ ማግሥት እኒያ ጎረቤቱ ወይዘሮ መጥተው በሩን መቱ፤ እርሱም ልጃቸው ነጠላውን ለብሳ የተነሣችውን ሥዕል በስልኩ አሳያቸው። ወይዘሮዋም ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «እንኳንም ፈታኸው፤ እኔ ልኬው ቢሆን ኖሮ በጉምሩክ ይቀር ነበር» አሉ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ወዳጅህ ከሩቅ አገር የጠራህ እንደ ሆነ በደስታ ሂድ። ስትሄድ ግን ከሻንጣህ ይልቅ የሚከብድ ነገር እንደ ያዝህ አትርሳ፤ የጠራህን ሰው ስም ይዘሃልና። ያንን ስም እንደ ተቀበልኸው ንጹሕ አድርገህ መልስለት። ለሙሽሮች ከዚህ የሚበልጥ የሰርግ ስጦታ የለም።

ጥያቄዎች

1. በትኬት ላይ እሑድ 01:15 ተብሎ የተጻፈ አይሮፕላን በእኛ አቈጣጠር የሚነሣው በየትኛው ሌሊት በስንት ሰዓት ነው?
2. ወይዘሮዋ ክፋት ሳይኖርባቸው መምህሩ ጥቅሉን መፍታቱ ስለ ምን ትክክል ሆነ?
3. በአደጋ ጊዜ ሻንጣን መተው ለማን የሚደረግ ቸርነት ነው?
4. መምህሩ ቢቀር ኖሮ በማን በማን ላይ ጉዳት ይደርስ ነበር? ቢመለስስ ምን ቀረበት?
5. አንተ ዛሬ የተሸከምኸው የማን አደራ አለ?